ሁለት ማዕድ በአንድ መርከብ

እኔ ምግብ አብሳይ ነኝ። ሽማግሌ ሁንልን ብሎ የቀጠረኝ ሰው የለም። በዚያ ረመዳን ግን "ነጅማ" በምትባለው መርከባችን ላይ ከድስቱ ይልቅ የሁለት ኩሩ ሰዎችን ነገር ሳማስል ከረምኩ። አንደኛው የመርከቧ አለቃ ሬይስ መትወሊ ነው። ሌላው የጎማ ጀልባችን ነጂ ሻዚሊ፣ የሬይሱ የገዛ አማች። ከተኳረፉ ሁለት ወር ሊሞላቸው ነው፤ አንዲት ቃል አይለዋወጡም። መልእክቱ ሁሉ የሚያልፈው በእኔ በኩል ነው። "ባዩሚ፣ ለዚያ ሰውዬ ንገረው፣ ገመዱን ያጥብቅ" ይላል ሬይሱ። ያ ሰውዬ አጠገቡ ቆሟል! ገመዱንም ይዟል! እኔ ከወጥ ቤት እጄን እየጠረግሁ እወጣና፣ "ሻዚሊ፣ ገመዱን አጥብቅ ተብለሃል" እላለሁ። "ጠብቋል በለው" ይለኛል። ወላሂ፣ ስንቴ ሽንኩርቴ አርሮብኛል!

ነጅማ ትልቅ መርከብ አይደለችም። ደርዘን የማይሞሉ እንግዶች ይዛ ከከተማችን ከቁሰይር ወደብ ወደ ደቡብ ትወርዳለች። እንግዶቹ የሚመጡት ዶልፊን ሊያዩ፣ ኤሊ ሊያዩ፣ ሰው በሌለበት ደሴት ላይ ጎጆ የሠራ ንስር ሊያዩ ነው። የዓሣ ጭራ አይቶ እንባውን የሚያፈስ ሰው መጀመሪያ ሲያጋጥመኝ የታመመ መስሎኝ ውኃ አምጥቼለት ነበር። አሁን ለምጃቸዋለሁ። አልዋሽም፣ ዶልፊኖቹ ከመርከቧ አፍንጫ ሥር ሲሻሙ እኔም ድስቴን ትቼ የምወጣበት ቀን አለ።

የጠቡ ነገር እንዲህ ነው። ከረመዳን በፊት ሬይሱ ቤት ምሳ ተጠራን። ዓሣና ሩዝ ቀርቧል፣ ቤቱ በእንግዳ ሞልቷል። ሬይሱ ጨዋታ ያሳመረ መስሎት፣ "ይሄ አማቼ እኮ ጀልባ ሲነዳ አህያ የሚነዳ ነው የሚመስለው። ምን ያድርግ፣ የጋሪ ነጂ ልጅ ነው!" አለ። ሰዉ ሳቀ። የሻዚሊ አባት፣ አላህ ይማረውና፣ በቁሰይር ወደብ በአህያ ጋሪ ዕቃ ሲያመላልስ ኖሮ የሞተ ሰው ነው። ሻዚሊ አልሳቀም። እጁን ከሩዙ አንሥቶ ቆመ። "ከዛሬ ወዲያ ካንተ ጋር በአንድ ማዕድ ብቀመጥ ሚስቴ ነጃት ፍቺ ትሁን!" ብሎ ወጣ። ካንተ ጋር! አማቱን አንተ ብሎ!

የአገራችን ወንድ አፉ እንዲህ ነው። አንድ ብርጭቆ ሻይ ጠጣልኝ ለማለት እንኳ "ባትጠጣልኝ ሚስቴ ፍቺ ትሁን" ይላል። ምስኪኗ ቤቷ ተቀምጣ ሩዝ ትለቅማለች፣ እሱ ሻይ ቤት ሆኖ በሰው ብርጭቆ ምክንያት ሊፈታት ምንም አልቀረው። ስንቱን ገላግያለሁ መሰላችሁ!

ነጃት የሬይሱ ልጅ፣ የሻዚሊ ሚስት ናት። ያን ቀን ሆዷ ገፍቶ፣ ማዕድ ቤት ሰላጣ ትከትፍ ነበር። ቢላዋዋን እንደያዘች ብቅ አለች። "እኔን የመሐላ ማጣፈጫ አደረጋችሁኝ? እንግዲያው እኔም ልማል! አባቴና ባሌ በአንድ ማዕድ ቁጭ ብለው ሲበሉ በዓይኔ ሳላይ ከዚህ ቤት ንቅንቅ አልልም!" ኧረ ጉድ በሉ! ካልበሉ ወደ ቤቷ አትመለስም፤ ከበሉ ትፈታለች።

ሼኹ ዘንድ ሄጄ ጠየቅሁ። ሳቁና፣ "ልጁ የተናገረውን ይመልስ፣ አሥር ድሃ ያብላ፣ አላህን ምሕረት ይጠይቅ፣ አለቀ" አሉኝ። አለቀ! ለሼኹ አልቋል። ሻዚሊ ግን፣ "መጀመሪያ አባቴን የሰደበበትን አፉን ይታጠብ" አለ። ሬይሱ ደግሞ፣ "መጀመሪያ ሰው ፊት መጥቶ ራሴን ስሞ ይቅርታ ይበለኝ" አለ። እኔ መሐል ቆሜ ቆሽቴ አረረ። መርከቧ ላይ አንድ ማዕድ ነው ያለን፤ እሱንም በፈረቃ ማቅረብ ጀመርኩ። ሬይሱ በልቶ ሲነሣ ሻዚሊ ይቀመጣል። ሳህኑን ሁለት ጊዜ የሚያጥበው ማን ነው? እኔ!

እንግዲህ ወደ ባሕር ልንወጣ ሁለት ቀን ሲቀረን ነጃት ወለደች። ሴት ልጅ። ሻዚሊ የሬይሱ ደጃፍ ድረስ ሄዶ በሩ አልተከፈተለትም። የነጃት እህት አዝናለት ፎቶ በስልክ ላከችለት፤ ዓይኗን የጨፈነች፣ ጸጉራም፣ የተኮሳተረች ሕፃን። የመርከቧ አፍንጫ ላይ ተቀምጦ እሷኑ ሲያይ ነው የሚውለው። እኛ ዘንድ ሕፃን በተወለደ በሰባተኛው ቀን ስም ይወጣለታል፣ ዘመድ ይሰበሰባል። ያ ሰባተኛ ቀን እኛ የምንመለስበት ቀን ነበር።

መልሕቅ ስናነሣ ሬይሱ ጠራኝ። "ባዩሚ፣ ለዚያ ሰውዬ ንገረው። በልጅቷ ሰባት ደጄ እንዳይደርስ። ራሴን ሳይስም ፊቷን አያይም።" ሻዚሊ ሰማ፤ ሁላችንም ሰማን። ሻዚሊም ወደ እኔ ዞሮ፣ "ልጄ ናት በለው" አለኝ። ይቺን ማድረስ አቃተኝ። ወጥ ቤት ገብቼ በሩን ዘጋሁ።

ጠባቸው ለእንግዶቹም ተረፋቸው። አንድ ቀን ሣር የሚበቅልበት ሰርጥ ገባን። እዚያ የባሕር ሙሽራ የምንላት እንስሳ አለች። ስሟ ነው እንጂ ሙሽራስ አትመስልም፤ ወፍራም፣ ግራጫ፣ ጢማም ናት፣ የባሕር ሣር እንደ ላም ስትግጥ ትውላለች። እሷን አይቶ የማያውቅ እንግዳ ቀኑን ሙሉ ውኃ ላይ አፍጥጦ ይቆያል። እንግዶቹ በሻዚሊ ጀልባ ወረዱ። ዶክተር ራውያም አብራቸው ናት፤ የእንስሳቱ አዋቂ እሷ ናት፣ የሱዌዝ ልጅ፣ ቁጣዋ ከቁመቷ የሚበልጥ። መርከቧ ላይ ከላይ ቆሞ የሚቃኘው ሬይሱ ነው፣ እኔ ከሥር ሊጥ አቦካለሁ።

"ያቻትና!" ብሎ ጮኸ ሬይሱ። "ከጀልባው በስተግራ! ልትተነፍስ ወጣች!"

ሬዲዮው እጁ ላይ ነው። አፉ ጋ አደረሰው። ከዚያ በወዲያኛው ጫፍ የሚሰማው ማን እንደሆነ ትዝ አለውና ደረጃውን ወርዶ ለእኔ ዘረጋልኝ። "ንገረው።" እጄ በሊጥ ተለውሷል። እጄን ስጠርግ፣ ቁልፉን ስፈልግ፣ "ሻዚሊ፣ በግራህ" ስል፣ እሷ አየሯን ስባ፣ ጭራዋን ለእኔና ለሬይሱ ብቻ አሳይታ ገባች። ጀልባው ላይ ያለው ሰው ሁሉ ወደ ቀኝ እያየ ነበር።

ዶክተር ራውያ ደረጃውን ስትወጣ እግሯ ያንኳኳል። "ሬይስ፣ ሬዲዮው ተበላሽቷል?"

"ደህና ነው።"

"እና አጎቴ ባዩሚ ከመቼ ወዲህ ነው ቃኚ የሆነው?"

ሬይሱ ጉሮሮውን ጠረገ። "ባሕር ነው፤ አንዳንዴ ታሳያለች፣ አንዳንዴ ትነፍጋለች።"

"ባሕሯማ አሳይታ ነበር! የነፈጋችሁን እናንተ ናችሁ። እነዚህ ሰዎች ምን በደሏችሁ?" አለችና ገባች።

ከእንግዶቹ መሐል ሲኞራ ኢዳ የምትባል ጣልያናዊት አሮጊት ነበረች። ባሏ ከመሞቱ በፊት እስክንድርያ ስለኖሩ የተሰባበረ ዐረብኛ ትችላለች። እሷ መነጽሯን አውልቃ ጠረገች፣ መልሳ አደረገችው፣ ውኃውን ማየት ቀጠለች። ሬይሱ እሷን ሲያይ አፈረ፤ ሲያፍር ጆሮው ይቀላል፣ ከልጅነታችን ጀምሮ አውቀዋለሁ። ግን አፍሮ ምን አደረገ? ምንም። ማፈርና መታረቅ ለየቅል ናቸው።

በመመለሻችን ዋዜማ ኡም ሪሽ ደሴት ደረስን። ጠፍጣፋ፣ ዛፍ የሌላት አሸዋ ናት። ዓሣ በሏ ንስር እዚያ ጎጆዋን መሬት ላይ ነው የምትሠራው፤ እንጨቱን፣ አጥንቱን፣ ባሕሩ የሚተፋውን ገመድ ወገብ እስኪደርስ ትከምረዋለች። ዶክተር ራውያ እንግዶቹን ይዛ ወደዚያ አቀናች። እኛ የማፍጠሪያውን ምግብ ዳርቻው ላይ ለማሰናዳት ወረድን፤ እንግዶቹ ከጾመኛው ጋር እንዲበሉ ተጋብዘዋል።

ሬይሱ አሸዋው ላይ ቆሞ እጁን አፋተገ። "ፋኖሶቹን በሙሉ ከመርከቧ አውርዱ! እዚህ ስቀሏቸው!" በረመዳን መርከቧን የምናስጌጥባቸው ፋኖሶች ናቸው፤ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ በሽቦ የተያያዙ። "ትንሿንም ጄኔሬተር አምጡ! የልጅ ልጄ ተወልዳ እኔ በጨለማ ላፈጥር ነው?"

መርከበኞቹ ምሰሶ መትከል ጀመሩ። ሻዚሊ ግን ጎንበስ ብሎ አሸዋውን እያየ ቆየ። ከዚያ ወደ እኔ መጣ። "አጎቴ ባዩሚ፣ ለሬይሱ ንገረው። ባለፈው ስንመጣ እዚሁ ላይ የኤሊ ዱካ አይቻለሁ፤ ከውኃው ወጥታ የተመለሰችበት። እንቁላል ጥላ ይሆናል። እዚህ መብራት ጥሩ አይደለም። ቢያንስ ዶክተሯን እንጠይቃት።"

ሬይሱ ሁለት እርምጃ ራቅ ብሎ ነው የቆመው። እኔ አፌን ሳልከፍት መለሰ። "ለዚያ ሰውዬ ንገረው፣ ኤሊ የምትጥለው በወዲያኛው ዳርቻ ነው። እሱ ጡት ሳይጥል እኔ ይሄን አሸዋ አውቀዋለሁ።"

"ዶክተሯን ብንጠይቃትስ?" አልኩ፣ ይሄኛውን ከራሴ።

"አንተም ከሱ ወገን ሆንክ?"

ያቺን ቃል እኔ መጀመሪያ ተናግሬያት ቢሆን፣ ከመርከበኞቹ አንዱ ተናግሯት ቢሆን፣ ሬይሱ ፋኖሶቹን ያወርድ ነበር። ባሕርንና የባሕርን ፍጡር የሚወድ ሰው ነው፤ መረብ ውስጥ የገባ ዶልፊን ሊፈታ ከነልብሱ ሲዘል አይቻለሁ። ግን ቃሏ ከሻዚሊ አፍ ወጣች፣ አበቃላት።

ሁለት ሰሌን ዘረጋሁ። አንዱ ለሬይሱና ለእንግዶቹ፣ አንዱ ለሻዚሊና ለመርከበኞቹ፤ በመሐላቸው ሰው የሚያሳልፍ አሸዋ። የምስር ሾርባ፣ ዓሣ በሩዝ፣ ሰላጣ፣ ቴምር፣ ቀዝቃዛ የሁመር ጭማቂ። ሁሉንም በሁለት በሁለት ሳህን! እየዘረጋሁ ሁለቱንም እረግም ነበር፤ ጾሜን ምን ያህል እንዳበላሸሁት አላህ ያውቃል።

ያን ቀን ከበረሃ የተነሣ አቧራ ሰማዩን ሸፍኖት ነበር። ፀሐይ የት እንደደረሰች አይታይም፤ ሳይመሽ ጨለመ፣ አሸዋውም ቶሎ ቀዘቀዘ። ሬይሱ፣ "አዛኑን ከሬዲዮ ሳንሰማ ማንም እንዳያፈጥር" አለ። ስኳር አለበት። ሐኪሙ አትጹም ብሎታል፣ እኔ ብዬዋለሁ፣ ነጃት አልቅሳ ለምናዋለች። ለሱ ምን ቢባል! ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ ብሎ አየሁ፤ ቀኑን ሙሉ በሰኔ ሙቀት ሁላችንም አልቦን ነበርና አልጠረጠርኩም።

እንግዶቹ ተመልሰው ተቀመጡ። ፋኖሶቹ በሩ። እውነቱን ለመናገር ያምር ነበር። ዶክተር ራውያ ገና ከኋላ ናት፤ አንዱ እንግዳ ጫማው ውስጥ እሾህ ገብቶበት ስታወጣለት ቀርታለች። እኔ የሾርባውን ድስት አቅፌ በሁለቱ ሰሌኖች መሐል ስደርስ ሬዲዮው "አላሁ አክበር" አለ። ሰዉ እጁን ወደ ቴምሩ ዘረጋ።

"ባዩሚ" አለች ሲኞራ ኢዳ በዚያ በተሰባበረ ዐረብኛዋ፣ "ሰላጣ ይሄዳል።"

ደሜ ፈላ። "ምን ማለትሽ ነው፣ ሲኞራ? የእኔ ሰላጣ?"

"ይሄዳል" አለች። ሳህኑን ወደ መብራቱ ከፍ አደረገችው። ከኪያርና ከቲማቲሙ ላይ አንዲት ጥቁር ፍጡር፣ ከአውራ ጣቴ እምብዛም የማትረዝም፣ አራት ክንፍ መሰል እግሯን እያማታች ትቀዝፋለች። የኤሊ ጫጩት! ቀና ስል አሸዋው ሁሉ ይንቀሳቀሳል። ከባሕሩ በኩል ከጉድጓዳቸው እየፈለቁ፣ ጀርባቸውን ለባሕሩ ሰጥተው፣ ወደ እኛ ፋኖሶች ይመጣሉ። ሰሌኑ ላይ ወጥተዋል፣ ጫማ ውስጥ ገብተዋል፣ አንዷ ሩዙ ጫፍ ደርሳለች።

ሬይሱ ዘሎ ተነሣ። ሦስት እርምጃ እንደሄደ የዶክተር ራውያ ድምፅ ከጨለማው ወጣ። "መብራት አጥፉ! ማንም እግሩን እንዳያነሣ! የቆመ ይቁም፣ የተቀመጠ ይቀመጥ! ማን ነው እዚህ ላይ ፋኖስ የሰቀለ? ማን ነው?"

ሻዚሊ ሽቦውን ከጄኔሬተሩ ነቀለው። ድቅድቅ ጨለማ ሆነ። የኤሊ ጫጩት አሸዋው ሲቀዘቅዝ ትወጣና ብርሃን ወዳለበት ነው የምትሄደው፤ በማታ ከአሸዋው ይልቅ ባሕሩ ያበራላታል፣ በዚያ ነው መንገዷን የምታውቀው። እኛ በቀይና በአረንጓዴ ፋኖስ ባሕሩን አስረሳናቸው። ሸርጣኖቹም ከየጉድጓዳቸው መውጣት ጀመሩ፤ አንዱ ሸርጣን አንዷን ጫጩት ሲጎትት በሰማይ ቅሪት ብርሃን አየሁ፤ እጄ ድስት ይዟል፣ ምን ላድርግ!

ዶክተር ራውያ ጫጩቶቹን የማያሳስት ቀይ መብራት አላት። እሱን ይዛ በእንብርክኳ ገባች። "ሻዚሊ፣ ባልዲ ይዘህ ና። እርጥቡ አሸዋ ድረስ ብቻ አድርሷቸው፤ ከዚያ ራሳቸው ይሂዱ።" ሻዚሊም ተንበርክኮ በእጁ እየዳሰሰ፣ ከሰሌኑ ሥር፣ ከሰው ጭን ሥር፣ አንድ በአንድ ይለቅም ጀመር። እኔ ትኩስ ድስት አቅፌ ተገትሬ ቀረሁ። ፊት ብረግጥ ኤሊ፣ ኋላ ብረግጥ ኤሊ፣ ድስቱን እንዳላስቀምጠው ከሥሩ ኤሊ። ያ ረቢ! ሆዴ ተቀቀለ።

ሬይሱም እንደ እኔው በሁለቱ ሰሌኖች መሐል ቆሟል። ባዶ እጁን፣ ባዶ እግሩን። ምንም ሳይቀምስ ነው የተነሣው። ጫጩቶቹ እግሩን ከበውታል፤ አንዷ የእግሩ ጣት ላይ ወጥታ ትፍጨረጨራለች። ሻዚሊ እየለቀመ እየለቀመ እሱ እግር ሥር ደረሰ። በጣቱ የሬይሱን ቁርጭምጭሚት ነካ አደረገው፣ እንዳትንቀሳቀስ ለማለት። ሬይሱ ግን ተንቀሳቀሰ። ጉልበቱ መንቀጥቀጥ ጀመረ።

"ባዩሚ" አለኝ። ድምፁ የሱ አይደለም፣ የሰከረ ሰው ይመስላል።

"ወይ!"

"ለዚያ ሰውዬ ንገረው..." አለና ቃሉ ጠፋበት።

ያኔ ነው የገባኝ። "ሻዚሊ! ስኳሩ ነው! ሊወድቅ ነው! ቴምር ስጠው!" ቢወድቅ እኮ የሚወድቀው እነዚያ ሁሉ ጫጩቶች ላይ ነው።

ሻዚሊ ባልዲውን አስቀምጦ በአንድ እጁ የሬይሱን ጉልበት ደገፈ። በሌላው የሸሚዝ ኪሱን በረበረ፤ ጀልባ ላይ አዛን ቢደርስበት ብሎ ሁልጊዜ ቴምር ይይዛል። ተንበርክኮ እንዳለ ክንዱን ወደ ላይ ዘረጋ። "ሬይስ፣ አፍዎን ይክፈቱ።"

ከሁለት ወር በኋላ የመጀመሪያዋ ቃል! በእኔ በኩል ያላለፈች! ሬይሱ ቁልቁል አየው። ይህን ሰው አውቀዋለሁ፣ ግግም ካለ ቢሞት አይነቃነቅም። ሁለት ወር ሙሉ የጠየቀው ይህንኑ ነበር፣ ሻዚሊ ሰው ሁሉ እያየ ሥሩ ዝቅ እንዲል። አሁን ልጁ ሥሩ ተንበርክኳል። ግን ለሱ ብሎ አይደለም የተንበረከከው፤ ሬይሱ ራሱ ያጠፋውን እያቃና ነው። ይህን ሬይሱም አይቶታል።

ሬይሱ አጎነበሰና አፉን ከፈተ። ሻዚሊ አጎረሰው።

ጥቂት ቆይቶ ሬይሱ ፍሬውን መዳፉ ላይ ተፋ። "ነግረኸኝ ነበር" አለ። እኔ "ወይ" ልል ስል ለእኔ አይደለም። "ነግረኸኝ ነበር፣ ልጄ። አልሰማሁህም።"

"ሁለተኛም አለ። ይጨምሩ፣ ከዚያ እንነጋገራለን" አለ ሻዚሊ፣ ደግሞም አጎረሰው። እኔ ድስቴ ላይ እንባዬን አንጠባጠብኩት። በጨለማ ማን ያየኛል ብዬ እንደ ሕፃን ተነፋረቅሁ። ሾርባውን ግን ሁሉም ጥሩ ነው ብለው ነው የጠጡት።

አጠገባችን ያሉት ከተለቀሙ በኋላ ራቅ ብለው ያሉት ቀሩ፤ ግራ ገብቷቸው አሸዋው ላይ ይዞራሉ። ዶክተር ራውያ፣ "አንድ መብራት ብቻ፣ ከባሕሩ በኩል። ውኃ እስኪገቡ፣ ከዚያ ወዲያው ይጠፋል" አለች። ሬይሱ ከፋኖሶቹ መሐል በባትሪ የሚሠራውን አንዱን ራሱ አነሣ። እየተደገፈ ወደ ጎማው ጀልባ ገባ። ሻዚሊ ሞተሩን ሳያስነሣ በመቅዘፊያ ገፋት። ሬይሱ ፋኖሱን ከውኃው በላይ ይዞ ተቀመጠ።

ጫጩቶቹ ቆም አሉ። ከዚያ አንዷ ዞረች፣ ሁለተኛዋ ዞረች፣ ሁሉም ዞሩ። እንግዶቹ ግራና ቀኝ ተኝተው ሸርጣኖቹን በአሸዋ ይከላከላሉ። ሲኞራ ኢዳ ከሰላጣው ያወጣቻትን እርጥቡ ላይ አስቀምጣ በሆዷ ተኝታ ከኋላዋ ተከተለቻት፣ በዚያ ዕድሜዋ! ማዕበሉ መጥቶ ትንሿን ሲወስዳት እጇን አውለበለበችላት። የባሕር ሙሽራዋን ላሳጣናት ሴት ይህ ተረፋት፤ ደስ አለኝ።

ከጀልባው ድምፅ በውኃው ላይ ይመጣል። "ቀስ በል" ይላል ሬይሱ።

"ቀስ ብያለሁ።"

"አውቃለሁ። አባትህም ጋሪውን እንዲህ ነበር የሚነዳው። መንገድ ላይ ሕፃን ካየ ወርዶ አህያውን በእጁ ይጎትት ነበር። አንድ ሰው ገጭቶ አያውቅም።" መቅዘፊያው ውኃውን ሁለት ጊዜ መታ። "ያን ቀን ሰው ፊት መናገር የነበረብኝ ይህንን ነበር።"

ሻዚሊ የመለሰውን አልሰማሁም። ራውያ "አጥፉ!" አለች፣ ፋኖሱ ጠፋ፣ ባሕሩ ብቻውን ቀረ።

በማግስቱ ቁሰይር ስንደርስ ሻዚሊ ትእዛዝ ሳላስተላልፍለት ገመዱን በራሱ አጥብቆ ወደ ሼኹ ሮጠ። ቃሉን መለሰ። አሥሩ ድሆች ከመግሪብ ሶላት በኋላ መስጊዱ ደጃፍ ዓሣ በሩዝ በሉ። ማን አበሰለው? ማን ሊያበስል ኖሯል! ከዚያ እኔና እሱ ወደ ሬይሱ ቤት ሄድን። ሻዚሊ መንገዱ ላይ ሦስት ጊዜ ሸሚዙን አስተካከለ። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ሬይሱ ደፉ ላይ ቆሟል። ሻዚሊ የአማቱን ራስ ሊስም ሲጠጋ ሬይሱ ቀደመውና የልጁን ራስ ሳመ።

ሕፃኗ እንደ አገራችን የሰባተኛ ቀን ልማድ ወንፊት ላይ ተኝታለች፣ እንደ ፎቶዋ ተኮሳትራ። ሻዚሊ ሲያያት እጁን አፉ ላይ ጫነ፤ ነጃትን ቀና ብሎ ማየት አቃተው። በሰባተኛው ቀን የሕፃኑ ጆሮ ድምፅ እንዲለምድ አጠገቡ የናስ ሙቀጫ ይወቀጣል። የምትወቅጠው አሮጊት ሁልጊዜ የምትለው አንድ ነው፤ የእናትሽን ቃል ስሚ፣ የአባትሽን አትስሚ። ጨዋታ ነው፣ ሰው ይስቃል። ያን ምሽት ግን ማንም ለመሳቅ አልደፈረም። የነጃት አክስት ዘነዘናውን አንሥታ፣ "የእናትሽን ቃል ስሚ! የአባትሽን ቃል..." ስትል ሬይሱ እጇን ያዘው።

ዘነዘናውን ከእጇ ተቀበላት። ያ ትልቅ ሰው ወንፊቱ አጠገብ ተንበረከከ። "የእናትሽን ቃል ስሚ!" ብሎ አንድ መታ። "የአባትሽንም ቃል ስሚ!" ብሎ ደገመ። ለሦስተኛው ዘነዘናውን ከፍ አድርጎ አነሣ። "የአያትሽን ቃል አትስሚ! አያትሽ ሲነግሩት አይሰማም!"

ቤቱ በእልልታ ተናጋ። ነጃት ሳቀች፣ ደግሞ አለቀሰች፣ ልጇን አንሥታ ሻዚሊ ክንድ ላይ አስቀመጠች። ጥቂት አስታቅፋው መልሳ ወሰደቻትና ወደ እኔ ዞረች። "አጎቴ ባዩሚ፣ ምን ትጠብቃለህ? አቅርብ እንጂ! እኔ መሐላዬን አልረሳሁም።"

አንድ ማዕድ ዘረጋሁ። ሬይሱና ሻዚሊ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ነጃት ልጇን ታቅፋ በሩ ላይ ቆመች፣ ሁለቱም የመጀመሪያውን ጉርሻ እስኪውጡ ድረስ ዓይኗን ከእነሱ አልነቀለችም።